የፌዴራል ድጎማ ሲመጣ ከተማው በምን ላይ ይፈርማል?

«የፌዴራል መንግሥት ለከተማው ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ሰጠ» የሚል ዜና ሲነገር ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለዋል። ገንዘቡ ከመጣ የሚቀረው መሥራት ነው፤ የተሰጠውን ገንዘብ አልቀበልም የሚል ከተማስ የት ይገኛል? በጀት የሚያውቅ ሰው ግን ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብሩ መጠን አይደለም። ስምምነቱ ስንት ዓመት ይቆያል? ከተማው ከራሱ ካዝና ምን ያህል ያዋጣል? ገንዘቡ ሲያልቅ የተሠራውን ነገር ማን ይዞ ይቀጥላል? እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ መጠኑ ብዙም ትርጉም የለውም።

«ድጎማ» ሲባል የትኛው ነው?

በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጥቅል ድጎማ ነው። ከፌዴራል በጀት ተቀንሶ በየዓመቱ ለክልሎች የሚከፋፈለው ገንዘብ ይህ ነው። ማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ ሥልጣኑን ያገኘው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 ነው። ቀመሩ በመሠረቱ ሁለት ነገሮችን ያነጻጽራል፤ አንድ ክልል ለሕዝቡ አገልግሎት ለመስጠት ምን ያህል ወጪ አለበት፣ ከራሱ ግብርስ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ድጎማውም ይጨምራል። ገንዘቡ አንዴ ከደረሰ ለደመወዝ ይዋል ወይስ ለመንገድ የሚለውን የሚወስነው ተቀባዩ ነው።

ሁለተኛው ዓላማ ተኮር ድጎማ ይባላል። ለአንድ ለታወቀ ሥራ ብቻ የሚሰጥ ነው። ለጤና ጣቢያ የመጣው ብር፣ አስፋልቱ ምንም ያህል ቢቆፈር፣ ለመንገድ አይውልም። የዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተብሎ በፌዴራል በጀት ላይ የሚታየው 14 ቢሊዮን ብር የዚህ ዓይነት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ቁጥር በ2016ም በ2017ም በጀት ዓመት ያው 14 ቢሊዮን ነበር፤ በመካከሉ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በብር ሳይለወጥ የቆየ ድጎማ ከውጭ የሚገባ የራጅ መሣሪያ ለመግዛት ያለው አቅም ግማሽ ያህል ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ስሙ ድጎማ ቢባልም፣ ብድር ነው። ከውጭ መበደር የሚችለው የፌዴራል መንግሥት ነው። ያን ገንዘብ ለከተማ ወይም ለከተማ ተቋም ሲያስተላልፍ ወይ በስጦታ ይሰጠዋል፣ ወይ መልሶ ያበድረዋል። እንደ ውሃ ያለ፣ ከደንበኛ ክፍያ የሚሰበሰብበት አገልግሎት ሲሆን መልሶ ማበደር የተለመደ ነው። በዜና ላይ ሁለቱም «የፌዴራል ድጋፍ» ተብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ስምምነቱ ሲቀርብ መነበብ ያለበት የመጀመሪያው አንቀጽ ይኸው ነው፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚመለስ ከሆነ ወለዱ ስንት ነው፣ የእፎይታ ጊዜው ምን ያህል ነው፣ ዶላር ሲወደድ ልዩነቱን የሚሸከመው ማን ነው?

አዲስ አበባ ከሌሎቹ በምን ትለያለች?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላቸው፤ አስተዳደሯ ደግሞ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ዝርዝሩን የሚሰጠው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከተማዋ የራሷን በጀት እንድታወጣና ግብር እንድትሰበስብ ይፈቅዳል። ለመበደር ግን የፌዴራል መንግሥትን ፈቃድ ትጠይቃለች።

ከገንዘብ አንጻር የአዲስ አበባ ልዩነት በግልጽ ይታያል። የከተማዋ በጀት በአብዛኛው የሚሸፈነው እዚሁ ከሚሰበሰበው ነው፤ ከንግድ ትርፍ ግብር፣ ከሠራተኛ የሥራ ግብር፣ ከመሬት ሊዝ፣ ከጣሪያና ግድግዳ ግብርና ከአገልግሎት ክፍያ። ለ2017 በጀት ዓመት የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው 230.39 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጋፍ የተመደበው 222.7 ቢሊዮን ነው። የአንዲት ከተማ በጀት ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ሁሉ ከመደበው ድጋፍ በልጧል ማለት ነው።

ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ፍቺ አለው። ደመወዝ ለመክፈል ድጎማውን የሚጠብቅ ክልል ስምምነቱን አንብቦ የመከራከር ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ወሩ ሳይሞላ ገንዘቡ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ግን ጊዜ ወስዳ ማንበብ ትችላለች። ለዚች ከተማ «እንቀበል ወይስ አንቀበል» የሚለው ክርክር በተግባር የሚነሳው በዓላማ ተኮሩ ድጎማና በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

የፋይናንስ ሰዎች መንገዱን «ቻናል» ይሉታል። በቻናል አንድ ገንዘቡ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ከተማው ፋይናንስ ቢሮ ይገባና ከዚያ ወደ ሴክተር ቢሮዎችና ክፍለ ከተሞች ይወርዳል። በቻናል ሁለት አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በቀጥታ ለአቻው ቢሮ ያስተላልፋል፤ ጤና ሚኒስቴር ለጤና ቢሮ እንደማለት። በቻናል ሦስት ለጋሹ ራሱ እየገዛና እየከፈለ ሥራውን ያስረክባል።

ልዩነቱ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፣ አይደለም። በቻናል አንድ የመጣ ገንዘብ በከተማው በጀት ላይ ስለሚታይ ምክር ቤቱ ያየዋል። በሁለትና በሦስት የመጣ ገንዘብ ግን ፋይናንስ ቢሮ በወጉ ሳያውቀው ሊሠራበት ይችላል። ሕንፃው አልቆ ቁልፉ ሲመጣ ነው የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የመብራትና የባለሙያ ወጪ የሚጠየቀው፤ በዚያ ዓመት በጀት ላይ ደግሞ አንድም ብር አልተያዘለትም። ስለዚህ ገንዘቡ በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ በከተማው በጀት ሰነድ ላይ እንዲመዘገብ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመንገዱ ጋር የሚነሳ ሌላ ጉዳይም አለ። በቀደሙት ዓመታት አንድ ክልል ከውጭ ያገኘው ርዳታና ብድር ከጥቅል ድጎማው ላይ ይቀነስበት ነበር፤ ማካካሻ ይሉታል። በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ከወጣ ተጨማሪ ገንዘብ የለም። እንዲህ ያለ ቅነሳ በስምምነቱ ወይም በመመሪያው ውስጥ ይኑር አይኑር በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል።

ከተማው ከራሱ ምን ያወጣል?

ዓላማ ተኮር ድጎማ ብዙውን ጊዜ ተጓዳኝ በጀት ይጠይቃል፤ ቢሮ ውስጥ ማቺንግ ፈንድ የሚሉት ነው። ተቀባዩ ከራሱ የተወሰነ ድርሻ ካላስገባ ሰጪውም አይለቅም። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ከመቶኛው ነው። «20 በመቶ» የሚለው ከጠቅላላ ወጪው ነው ወይስ ከድጎማው? ድጎማው 160 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ ከድጎማው 20 በመቶ 32 ሚሊዮን ነው። ከጠቅላላው 20 በመቶ ከሆነ ግን ጠቅላላው 200 ሚሊዮን፣ የከተማው ድርሻ 40 ሚሊዮን ይሆናል። በአንድ ቃል ብቻ 8 ሚሊዮን ብር ይለያያል።

ልደታ ክፍለ ከተማ ላይ በዚህ ገንዘብ አንድ ጤና ጣቢያ ይሠራ እንበልና ስሌቱን እንቀጥል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ግንባታው 200 ሚሊዮን፣ ፌዴራል 160፣ ከተማው 40። ስምምነቱ ላይ ብዙ ጊዜ «የማይሸፈኑ ወጪዎች» የሚል ዝርዝር ይኖራል፤ በግርጌ ስለሚቀመጥ በችኮላ ይታለፋል። ለተነሺዎች የሚከፈል ካሳ አይሸፈንም እንበል፤ 18 ሚሊዮን። የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመር ማዛወሪያ አይሸፈንም፤ 6 ሚሊዮን። ታክስ አይሸፈንም ከተባለ በ200 ሚሊዮን ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 30 ሚሊዮን ነው። 40 ሚሊዮን ያዋጣል የተባለው ከተማ ሕንፃው እስኪቆም ያወጣው 94 ሚሊዮን ሆነ።

በመሀል ከተማ ይህ ክፍል ከሌላው ቦታ ሁሉ የከበደ ነው። በፒያሳ፣ በመርካቶ፣ በቂርቆስ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ነዋሪው ተጠጋግቶ የሰፈረበት፣ ከመሬቱ ሥር ደግሞ ዕድሜ ያስቆጠሩ ቧንቧዎችና ገመዶች የተቀበሩበት ነው። ፕሮጀክት ሲጓተት በየሪፖርቱ የሚጻፈው «የወሰን ማስከበር ችግር» በአመዛኙ ይህ ነው። የካሳውና የመስመር ማዛወሪያው ገንዘብ ቀድሞ ካልተያዘ፣ ሥራ ተቋራጩ ገብቶ ሳይሠራ ይቆማል፤ ለቆመበት ጊዜም ክፍያ ይጠይቃል። ያም ክፍያ ቢሆን ከድጎማው አይወጣም።

ገንዘቡ ሲያልቅስ?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ዋናው ውሳኔ እዚህ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል።

አንድ ቤተሰብ የምትታለብ ላም በስጦታ ቢያገኝ፣ ሰጪውም ለሁለት ዓመት ጭዱንና ፉርሽካውን እኔ እችላለሁ ቢል፣ ተቀባዩ ማሰብ ያለበት ስለ ሦስተኛው ዓመት ነው። በሦስተኛው ዓመት ላሟ አለች፣ ትበላለች፣ ሰጪው ግን የለም።

ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ። የሐኪሞች፣ የነርሶችና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ በዓመት 36 ሚሊዮን፣ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ግብዓት 10 ሚሊዮን፣ መብራት፣ ውሃ፣ ነዳጅና ጥገና 4 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 50 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል እንበል። ስምምነቱ የሁለት ዓመቱን የሥራ ማስኬጃ ከሸፈነ፣ ፌዴራል በድምሩ 160 ሲደመር 100፣ ማለትም 260 ሚሊዮን ይሰጣል። ከ10 ዓመት ውስጥ የቀሩትን ስምንት ዓመታት ከተማው ሲችል 400 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከግንባታው 94 ሚሊዮን ጋር 494። የዋጋ ንረት ሳይጨመርበት፣ «ፌዴራል የሠራው» የሚባለው ጤና ጣቢያ በ10 ዓመት ውስጥ ከተማውን የፌዴራሉን ሁለት እጥፍ ሊጠጋ አስወጥቷል። ይህ ማለት ጤና ጣቢያው አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ሰፈሩ የግድ ሊያስፈልገው ይችላል። የሚያሳየው ከተማው የሚወስነው ስለ 40 ሚሊዮን ብር ሳይሆን ስለ 494 ሚሊዮን ብር መሆኑን ነው።

በሠራተኛ በኩል ሌላ ወጥመድ አለ። የፕሮጀክት ሠራተኛ የሚቀጠረው በኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ኮንትራቱም ይዘጋል። ሥራው እንዲቀጥል ቋሚ የሥራ መደብ መፈቀድ፣ ለመደቡም መደበኛ በጀት፣ ማለትም በየዓመቱ ለደመወዝና ለማስኬጃ የሚያዘው ገንዘብ፣ መያዝ አለበት። ይህ በወራት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የመደብ ጥያቄው ድጎማው ሊያልቅ ሲል ከተጀመረ የሠለጠነው ባለሙያ መደቡ ሳይፈቀድ ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል።

ግንባታን አንዱ፣ ማስኬጃን ሌላው ሲያስብ ምን እንደሚደርስ ለማየት የከተማችንን ቀላል ባቡር ማንሳት ይቻላል። ድጎማ አልነበረም፤ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈጀው ግንባታ 85 በመቶው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሸፈነ፣ በፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተሠራ ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሕዝቡ ወደደው፣ ተጨናነቀበት። የቲኬቱ ገቢ ግን የሥራ ማስኬጃውን የሚሸፍን አልነበረም፤ መለዋወጫ የሚገዛው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ለመለዋወጫ እጥረት ተዳረጉና ቆሙ። ሐዲዱ ለመዘርጋቱ ገንዘብ ተገኝቷል፤ በየዓመቱ ብሬክና ጎማ የሚቀይረው ገንዘብ ግን ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ አልተቋጨም ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመው የፖሊስ ቅጥር ድጎማ ለከተሞች የአዲስ ፖሊስ ደመወዝ እስከ 75 በመቶ፣ ለሦስት ዓመት ይከፍላል። ከተማው ቀሪውን 25 በመቶ ይችላል፤ ሦስቱ ዓመት ካለፈም በኋላ ፖሊሱን በራሱ ገንዘብ ቢያንስ ለ12 ወር ማቆየት ግዴታው ነው። በዚያ አገር የከተማ ምክር ቤቶች በዚህ ድጎማ ላይ የሚከራከሩት ስለ አራተኛው ዓመት ደመወዝ ነው። ግዴታው ቀድሞ መጻፉ ጥሩ ጎኑ ነው፤ ቢያንስ ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ገንዘቡ ለምን ሳይሠራበት ይመለሳል?

መልሱ ያለው በካላንደሩ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። የድጎማ ደብዳቤ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ እንበል። በከተማው በጀት ላይ ስላልነበረ ተጨማሪ በጀት ሆኖ በምክር ቤት መጽደቅ አለበት፤ ጥር አለቀ። የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ማስታወቂያ፣ ቴክኒክና ፋይናንስ ግምገማ፣ የተሸናፊ ተጫራች አቤቱታ፣ ውል ዝግጅት ሲባል አራት ወር ያህል ይሄዳል፤ ግንቦት ሆነ። ተቋራጩ የቅድመ ክፍያ ዋስትና አቅርቦ እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይወስዳል። መሠረት መቆፈር ሲጀምር ክረምቱ ይገባል።

ሰኔ 30 ሲመጣ ቢሮው ከድጎማው የከፈለው ቅድመ ክፍያውን ብቻ ነው። ቅድመ ክፍያ ደግሞ በሥራ እስኪወራረድ ድረስ ተሰብሳቢ ሒሳብ እንጂ ወጪ ተብሎ አይያዝም። ስለዚህ በሪፖርት ላይ አፈጻጸሙ ዝቅተኛ ይሆናል፤ በዓላማ ተኮር ድጎማ ደግሞ ቀጣዩ ዙር የሚለቀቀው የቀደመው ሲወራረድ ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላኛው አማራጭ ነው፤ ገንዘቡ እንዳይመለስ ሰኔ ላይ የማያስፈልግ ኮምፒዩተርና የቢሮ ዕቃ መግዛት። ዕቃው መጋዘን ይገባል፤ ገንዘቡ ግን «ሥራ ላይ ውሏል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል።

መፍትሔው ከፊርማ በፊት ያለ ነው። የመዝጊያው ቀን ከሰኔ 30 በኋላ እንዲተላለፍ መደራደር፣ ወይም ዲዛይኑን፣ ቦታውንና የጨረታ ሰነዱን ድጎማው ሳይመጣ አዘጋጅቶ መቆየት። ያለቀ ዲዛይን በእጁ ያለ ቢሮ ታኅሣሥ ላይ በደረሰው ገንዘብ ከክረምቱ በፊት መሠረት ማውጣት ይችላል።

ገንዘቡ አስቀድሞ ነው የሚሰጠው ወይስ ከሠሩ በኋላ የሚለው ጥያቄም እዚሁ ይገባል። አንዳንድ ስምምነቶች ከተማው በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ሰነዱን ሲያቀርብ ነው የሚከፍሉት። ለሦስትና ለአራት ወር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ካዝና ውስጥ ከሌለ የተቋራጩ ክፍያ ይዘገያል፤ የዘገየ ክፍያ ወለድ ያስከትላል፤ ወለዱም በድጎማው አይሸፈንም።

ኦዲተሩ ምን ይፈልጋል?

ከተማው የራሱ ዋና ኦዲተር አለው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ደግሞ ፌዴራል መንግሥት የሰጠውን ድጎማ ተከትሎ የመመርመር ሥልጣን አለው። በውጭ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ የለጋሹም ኦዲት ይጨመራል። ኦዲተሩ ተገቢ አይደለም ያለው ወጪ ከተማው ከራሱ ገንዘብ የሚመልሰው ይሆናል።

ገንዘብ የሚያስመልሱት ነገሮች ብዙ ጊዜ ስርቆት አይደሉም። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ሳይሆን ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ መገኘት፤ ለፕሮጀክቱ የተገዛ መኪና ለሌላ ሥራ መዋሉ፤ ውሎ አበል ከተፈቀደው ተመን በላይ መከፈሉ፤ ያለ ፈቃድ ከአንድ አቅራቢ ብቻ መግዛት፤ ሕጋዊ ደረሰኝ አለመኖር፤ ከመዝጊያው ቀን በኋላ የተፈረመ ቼክ። አንድ ግዥ ቀድሞ «ኖ ኦብጀክሽን»፣ ማለትም የገንዘብ ሰጪውን «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ፈቃድ፣ ማግኘት ሲገባው ሳያገኝ ከተፈጸመ፣ ዋጋው ትክክል፣ ዕቃው ጥሩ ቢሆንም እንኳ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ድጎማ የሚመደብ የሒሳብና የግዥ ባለሙያ ደመወዝ ከወጪው መቆጠር አለበት። ሦስት ሚሊዮን ብር ለመቀበል የሁለት ሰው የዓመት ድካም የሚጠይቅ ስምምነት ባይፈረም ይሻላል።

ከገንዘቡ ጋር የሚመጣው ቅድመ ሁኔታ ይጎዳል?

እንደ ቅድመ ሁኔታው ነው። አንዳንዱ ከተማ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ነው የሚጠይቀው። 117 ከተሞች በታቀፉበት የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው በየዓመቱ በሚደረግ ግምገማ ነበር፤ ዕቅድና በጀት በጊዜው ማጽደቅ፣ ሒሳብን ማስመርመር፣ ግዥን በዕቅድ መምራት፣ በግንባታው ምክንያት የሚፈናቀሉትንና አካባቢውን መጠበቅ ይመዘኑ ነበር። ይህን የሚያሟላ ከተማ ድጎማው ቢቋረጥ እንኳ የተሻለ አስተዳደር ይዞ ይቀራል።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም እንዲሁ መታየት ያለበት ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለማቀፍ፣ 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት የተያዘለት ነበር። በጠዋት መንገድ ሲጠርጉና የፍሳሽ ቦይ ሲያጸዱ የምናያቸው ሰዎች ከሚያገኙት 20 በመቶ እንዲቆጥቡ መደረጉ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ግን ለነሱው የሚጠቅም ነው። እዚህም ከባዱ ጥያቄ የአንድ ተጠቃሚ የድጋፍ ጊዜ፣ ሦስት ዓመቱ፣ ሲያልቅ የሚመጣው ነው፤ ሰዎቹ ወደ ምን ይሸጋገራሉ? በእነሱ ጉልበት ሲጸዳ የኖረውን መንገድስ ማን በምን በጀት ያጸዳዋል?

ከዓላማው የሚርቅ ቅድመ ሁኔታም አለ። በአሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ የአልኮል መግዣ ዕድሜን 21 ዓመት ያላደረገ ግዛት ከፌዴራል የመንገድ ገንዘቡ 5 በመቶ እንዲቀነስበት አዘዘ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1987 ሕጉ ጸና። የመንገድ ገንዘብ የመጠጥ ሕግ አስቀየረ። የኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 94 ንዑስ አንቀጽ 2 የፌዴራል መንግሥት ድጋፍና ብድር የክልሎችን ተመጣጣኝ ዕድገት እንዳያደናቅፍ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይላል። ቅድመ ሁኔታውን ለመመዘን አንድ ቀጥተኛ መንገድ አለ፤ ገንዘቡ ባይኖር ከተማው ይህን ነገር ለራሱ ጥቅም ያደርገው ነበር? ያደርገው ከነበረ ቅድመ ሁኔታው ወጪ አይደለም። ካልሆነ ግን ዋጋው ተሰልቶ ከከተማው ወጪ ጋር ይደመር።

እምቢ ማለት ይቻላል?

በዓላማ ተኮር ድጎማና በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ስምምነት ስለሚፈረም፣ ያልተፈረመ ነገር አያስገድድም። ለፌዴራል ተጠሪ የሆነ አስተዳደር እምቢ ለማለት እንደሚከብደው ግልጽ ነው። ነገር ግን በመቀበልና ባለመቀበል መካከል ብዙ ቦታ አለ። ሥራው በሁለት ምዕራፍ እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል። ከተማው የሚሰጠው መሬትና የሚመድበው ባለሙያ በብር ተተምኖ እንደ ተጓዳኝ በጀት እንዲቆጠርለት መደራደር ይቻላል። የደመወዝ ድጋፉ በአንድ ጊዜ ከሚቆም በመጀመሪያው ዓመት 100፣ በሁለተኛው 70፣ በሦስተኛው 40 በመቶ እያለ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል፤ እንዲህ ከሆነ መደበኛ በጀቱ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ የምንዛሪ ማስተካከያ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል።

አንድ የሕግ ድጋፍም አለ። አንቀጽ 94 ንዑስ አንቀጽ 1፣ በውክልና ለሚሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወጪውን የሚችለው ውክልናውን የሰጠው ወገን ነው ይላል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ክልሎች ቢሆንም፣ የፌዴራል የሆነን ሥራ ከተማው እንዲሠራለት ሲጠየቅ ለድርድር ጥሩ መነሻ ነው፤ ሥራው የማን እንደሆነ በስምምነቱ መግቢያ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

የከተማው ነዋሪ ይህን ሁሉ ሰነድ ማግኘት ላይችል ይችላል። የበጀት ረቂቁ ለምክር ቤት ሲቀርብ ግን ሁለት ገጾችን ማነጻጸር በቂ ነው። በካፒታል በጀቱ፣ ማለትም በግንባታው በጀት፣ ላይ በድጎማ የሚሠራ አዲስ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ካለ፣ በመደበኛ በጀቱ ላይ ለዚያው ተቋም የተያዘ የሥራ መደብና የማስኬጃ ገንዘብ አለ? ግንባታው በሚያልቅበት ዓመት ይህ መስመር ባዶ ከሆነ፣ ለወረዳው ተመራጭ የሚቀርበው ጥያቄ ተገኝቷል።